ገና ይሸታል

ሰሞኑን ስልኬ ከጮኸ ጥያቄው አንድ ነው። «አላለቀም እንዴ?»

ደዋዩ ጊታር ያዘዘኝ ልጅ ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ማታ ማታ ይጫወታል። አሁን ሁዳዴ ገብቶ ሥራው ቀዝቀዝ ብሎበታል፤ ለፋሲካ ይድረስልኝ ነው የሚለው። ቀብድ ከፍሏል፣ መጠየቁ አይፈረድበትም። ጊታሩ ተሠርቷል። እንጨቱን የሚሸፍነው የሚያብረቀርቅ ቅብ፣ ላከሩም፣ ከጥምቀት በኋላ ተነፍቶበታል። አሁን ክፍሌ ውስጥ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ይታያል። አንድ ቀን ሳይደውል ብቅ አለና አየው። «ኧረ ይሄ እኮ አልቋል ወንድሜ! ለምን ታጉላላኛለህ?» አለኝ። ጀርባውን አሽትተው አልኩት። አፍንጫውን አስጠግቶ ሳበና ፊቱን አጨማደደ። ቲነር ቲነር ይላል፤ ላከሩን ያቀጠንኩበት ፈሳሽ ነው።

«ገና ይሸታል። አላለቀም» አልኩት። እንዳላመነኝ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ስለዚህ ለእሱም፣ ወደፊት ለሚያዙኝም እንዲሆን ይሄን ልጻፍ አልኩ። ስለ እንጨቱ ሌላ ቀን እናወራለን። የዛሬው ላከር ከተነፋ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። መጠበቁ፣ ማሸቱ፣ መወልወሉ። ብዙ ሰው «ማሳመሪያ» ብሎ ያልፈዋል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ጎኑን ሳጎብጥ እንጨት ቢሰነጠቅ ሌላ እንጨት አለ። እዚህ ግን የምቀንሰው ምን ያህል እንደቀረው በዐይን የማይታይ ነገር ነው። ካበዛሁት እንጨቱ ላይ እደርሳለሁ። ከፈራሁ ደግሞ ወጣ ገባ ሆኖ ይቀራል።

ስምንትም አሥርም ጊዜ ተነፍቶ፣ ደርቆ፣ ታሽቶ ሲያልቅ ጥሩ የጊታር ላከር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይርቅም። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በሉት። ማሸቱም መወልወሉም የሚካሄደው እዚያች ወረቀት ውስጥ ነው።

ለምን ወፈር አይልም? የጊታር ፊት ራሱ ከ3 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ክሩ ሲመታ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው። ላዩ ላይ ወፍራም ላከር ከተጫነበት ክብደት ይጨምራል፣ መንቀጥቀጡም ይገታል። ድምፁ ይታፈናል። ለቁምሳጥን ችግር የለውም። ቁምሳጥን አይዘፍንም።

ይሄን የምለው ምክር ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት የቤት ዕቃ ሠሪዎች ጋ ስለነበር ነው። «ደጋግመህ አጠጣው፣ ብርጭቆ እስኪመስል» አሉኝ። ለእነሱ ሥራ ትክክል ናቸው። ደንበኛ ሶፋና ጠረጴዛ የሚገዛው በብርሃኑ ነው። ከዚያ ወደ ሰፈራችን ጋራዥ ሄድኩ። እዚያ ቀለም የሚነፉት ሰውዬ ጠና ያሉ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጣሳውን ከፍተው አሸተቱና ሳቁ። «ናይትሮ! እኔ ልጅ ሆኜ የጀመርኩበት ነው እኮ ይሄ» አሉ። አሁን ጋራዡ የሚሠራው ሃርድነር (ማጠንከሪያ) እየተደባለቀበት በሚደርቀው ቀለም ነው።

በነገራችን ላይ የጊታር ላከርና የመኪና ቀለም ድሮም ዘመዳሞች ናቸው። ጋሼ «ናይትሮ» ያሉት ናይትሮሴሉሎስን ነው፤ የሚሠራውም ጥጥ ወይም ሌላ ቃጫ በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አልፎ ነው። ሾንባይን የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1846 ነገሩን ለዓለም ሲያሳውቅ ወሬው ሁሉ ስለ ጦር መሣሪያ ነበር፤ ከባሩድ የሚብስ ጥጥ ተገኘ ተባለ። ናይትሮጂኑ ቀነስ ያለው ዓይነት ግን በቲነር ይሟሟል። ላከር የሚሆነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ዱኮ በሚል ስም የመኪና ቀለም አድርጎ አወጣው፤ ጄኔራል ሞተርስም ኦክላንድ የሚባሉ መኪኖቹን ቀባበት። ከዚያ በፊት የመኪና ቀለም ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ታሽቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የጊታር ፋብሪካዎችም በዚያው ዘመን ከቫርኒሽ ወደ ናይትሮ ዞሩ። እና እኔ ጋራዥ ደጅ መጥናቴ እንግዳ ነገር አይደለም። ሙያውን የተማርኩት ከባለቤቱ ነው።

ጋሼ አሁንም ያሾፉብኛል። «በሁለት ቀን የሚያልቅ ነገር እያለ ወር ትቀመጣለህ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። የእሳቸው ቀለም ጠንካራ ነው፣ ቤንዚን አይበግረውም፣ ይብለጨለጫል። ግን የሚደርቀው በኬሚካል ተያይዞ ነው። አንዴ ከያዘ አይሟሟም። ናይትሮ የሚደርቀው ቲነሩ ስለተነነ ብቻ ነው፤ ዛሬ የምነፋው ትናንት የነፋሁትን በትንሹ አቅልጦ አብሮት አንድ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ጊታሩን ከወንበር ጋር ቢያጋጨው፣ የተጋጨውን ቦታ ብቻ በላከር ሞልቼ፣ አሽቼ፣ መጋጠሚያው ሳይታይ ልመልሰው እችላለሁ። በእሳቸው ቀለም ይሄ አይሆንም፤ ጥገናው ዙሪያውን ክብ መስመር ይተዋል። ጊታር ደግሞ ይጋጫል። ማታ ማታ የሚሠራበት ጊታር ሲሆንማ ምኑ ይወራል።

አሁን ወደ ሐይቁ ልምጣ።

ባሕር ዳር ላይ ላከር የሚነፋ ሰው ከጣና ጋር መስማማት አለበት። ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ የተነፋ ላከር ከክፍሉ አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛው እዚያው ላከሩ ላይ ያርፋል። ውሃና ናይትሮ ደግሞ አይዋደዱም። ላከሩ ይነጣል፣ ጉም ለብሶ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መለኪያ መሣሪያ አያስፈልገኝም። ያጠብኩት ልብስ ውሎ አድሮ ካልደረቀ ላከርም አልነፋም። ሲነጣ መድኃኒቱ አለ፤ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ ሲነፋበት ላከሩ ትንሽ ይለሰልስና እርጥበቱን ይለቃል። ግን መድኃኒት ከመፈለግ ኅዳርን መጠበቅ ይሻላል።

ዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። በእነዚያ ወራት ጥገና እሠራለሁ፣ መሣሪያ እስላለሁ። የጊታር ፊት እንኳ አላጣብቅም፤ እርጥበት ጠጥቶ የተጣበቀ ፊት በጋ ሲመጣ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን የላከር ጊዜ ነው። ያኔም ቢሆን ከሐይቁ የሚነሳው የጠዋት ቅዝቃዜ እስኪለቅ እጠብቃለሁ። አራት ሰዓት ገደማ እጀምራለሁ። ቀን ላይ ሁለትም ሦስትም ዙር ይነፋል፣ በየመካከሉ እያረፈ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል። (መብራት ቀድሞ ካልጠፋ ማለቴ ነው።)

ምሽት ላይ የማልነፋው በቅዝቃዜው ብቻ አይደለም። ትንኝ ነው። ሐይቅ ዳር የኖረ ያውቃል፤ አምፖል ሲበራ በአንዴ ይሰበሰባል። ትንኝ እርጥብ ላከር ላይ ካረፈች አትነሳም። ትንኝ አርፋ ስታዩ እጃችሁ ይበላችኋል። አትንኳት። በእርጥቡ ለማውጣት የሞከረ ሰው ጣቱን ያሳርፍበትና ከትንኟ የባሰ ጉድጓድ ይተዋል። ይድረቅ። ሲደርቅ በመርፌ ጫፍ ታነሷታላችሁ፣ የሚቀጥለው ዙር ቦታዋን ይሞላዋል፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ቀሪውን ያስተካክላል።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይከብደኛል። የናይትሮ ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከአየርም ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል። የሚሄደው ወዴት ነው? ጎረቤት ቡና የምታፈላበት ከሰል ጋ። ስለዚህ ከመንፋቴ በፊት ግቢውን እዞራለሁ። እትዬ ቡናውን ካቀራረቡ አብሬ እጠጣለሁ፣ ከሰሉ ከጠፋ በኋላ እጀምራለሁ። የጨርቅ ማስክም ለዚህ ምንም አይሠራም። ለኬሚካል ትነት የተሠራ፣ በጎንና ጎን ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው። ላከር የነካው ጨርቅና ወረቀት ውሃ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ቀልድ የለውም።

እሺ። ተነፋ። አሁን ለምን እንጠብቃለን?

ላከሩ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ በአንድ ሰዓት። ውስጡ ግን ቲነር አለ። እሱ በየቀኑ በጥቂቱ እየወጣ ነው፤ የሚሸተን እሱ ነው። ቲነሩ በወጣ ቁጥር ላከሩ እየሳሳ፣ እንጨቱ ላይ እየተኛ ይሄዳል። የዚህ ጊታር ጀርባና ጎን ዋንዛ ነው። ዋንዛ ወዙ ደስ ይላል፣ ለሥራ ልዝብ ነው፣ ከበሮ ሠሪዎችም የሚወዱት እንጨት ነው። ቀዳዳው ግን ትልልቅ ነው። እያንዳንዷ የእንጨት ቀዳዳ ቀድማ በመሙያ ብትሞላም ላከሩ ወደዚያች ጉድጓድ መስመጡ አይቀርም። ዛሬ ቸኩዬ ባሸው ሜዳ አደርገዋለሁ። ይብለጨለጫል፣ ልጁም ደስ ይለዋል። ከወር በኋላ ግን ላከሩ ሲሰምጥ የዋንዛው ቀዳዳ በሙሉ ጭረት ጭረት ሆኖ ይመለሳል። ያኔ ደግሞ የምቀንሰው ላከር የለኝም። ሦስት ሳምንት ትንሹ ነው። ስድስት ቢሆን እወዳለሁ። ቀን ከመቁጠር ግን ማሽተት ይሻላል። አፍንጫ የአየሩንም ጠባይ ጨምሮ ይነግራል።

ሽታው ሲጠፋ ብርጭቆ ወረቀቱን ማታ ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ ነው። ለመያዣ የሚሆነኝ ከጫማ ሠሪ የወሰድኩት ጠፍጣፋ የሶል ጎማ ነው። በባዶ ጣት ከታሸ ጣት ያረፈበት ሁሉ ቦይ ይሆናል። ውሃው ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደርጋለሁ፤ ወረቀቱ እንዳይይዝ። ውሃው ብዙ መሆን የለበትም። የድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ እንጨቱ ላከር በደንብ አልጠጣም፤ ውሃ ከገባበት ያብጣል። እዚያ አካባቢ ስደርስ ወረቀቱን ጨምቄ ነው።

ከቁጥር 800 እጀምራለሁ። ጀርባውን መስኮቱ ሥር አስተኛዋለሁ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ። ጥቂት ጊዜ አሽቼ ውሃውን በጎማ ጠርጌ አየዋለሁ። ወረቀቱ የነካው ቦታ ደብዝዟል። ያልነካው፣ ዝቅ ያለው ነጥብ ግን እንዳለ ያበራል። መጀመሪያ ላይ ጀርባው በሙሉ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ነው። እንደገና አሻለሁ። ነጠብጣቡ ያንሳል። እንደገና። አሁን እዚህና እዚያ ብቻ ቀርቷል። ልጁ ብርሃን ይፈልጋል፤ እኔ ግን በዚህ ሰዓት ብርሃኑን እያጠፋሁ ነው። የመጨረሻዋ የምታበራ ነጥብ ስትጠፋና ጀርባው ወጥ በሆነ ግራጫ ሲደበዝዝ ሜዳ ሆኗል ማለት ነው።

እና እዚያ ላይ ነው ጭንቀቱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ነጥቦች እምቢ ሲሉስ? እነሱን ለማጥፋት በዙሪያቸው ያለውን በሙሉ ዝቅ ማድረግ አለብኝ። ላከሩ ግን ስንት ቀረው? መለኪያ የለኝም። ያለኝ ዝቃጩ ነው። ወረቀቱ ሥር የሚወጣው ዝቃጭ ነጭ እስከሆነ የምበላው ላከር ነው። ትንሽ ቡናማ ካመጣ እጄ ይቆማል፤ ያ ዋንዛ ነው። ጋሼ የሚሉት ግን ዝቃጩ ቡናማ ሳያመጣ በፊት መቆም ነው። «አንዲት ነጥብ ብትቀር ማን ያያታል? የበሳኸውን ግን ዕውርም ያገኘዋል» ይላሉ። እኔም አንዲት ነጥብ ብትቀር እተዋታለሁ። በእጅ የተሠራ ነው አይደል የምንለው?

ጠርዞቹን መጀመሪያ አልነካም። ላከር ሲነፋ ከሹል ጠርዝ ይሸሻል፤ እዚያ ሁልጊዜም ስስ ነው። የእጅ ጉልበት ግን በብዛት የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። ሰው ጊታር የሚበሳው እዚያ ነው፣ መሃል ሜዳው ላይ አይደለም። ጠርዙን በመጨረሻ፣ በደቃቁ ወረቀት፣ አንዴ ሁለቴ ዳበስ አድርጌ አልፋለሁ።

ከ800 በኋላ 1000፣ 1200፣ 1500፣ 2000። ቁጥሩ ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቃል። በአውሮፓው ደረጃ የ800 ቅንጣት 22 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ ነው፤ የ2000 ወደ 10። እያንዳንዱ ወረቀት የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ የፊተኛው የተወውን ጭረት በራሱ፣ ደቀቅ ባለ ጭረት መተካት። የፊተኛው ጭረት ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው የዘለለ ሰው ወልውሎ ከጨረሰ በኋላ ያገኘዋል። ስለዚህ አቅጣጫ እቀያይራለሁ። በ800 ወደ ቁመቱ ካሸሁ በ1000 ወደ ወርዱ። የቁመቱ ጭረት በሙሉ ሲጠፋ ቀጣዩን አነሳለሁ። በየመካከሉ ውሃው ይደፋል፣ ጎማው ይታጠባል፣ እጄም ይታጠባል። ከ800 የተረፈች አንዲት ቅንጣት 2000 ሥር ከገባች አንድ ረጅም ጭረት ነው የምትስለው።

ከጋሼ የወሰድኩት አንድ ዘዴ አለ፤ ለዚህ ብቻ እንኳ አንድ ኪሎ ቡና ይገባቸዋል። ፌስታል ነው። ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ የታሸውን ቦታ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። በባዶ ጣት ለስላሳ የነበረው ቦታ በፌስታሉ በኩል ሲዳበስ ያለውን ሁሉ ይናገራል። የተቀመጠች አቧራ፣ የቀረ ጉብታ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ቆዳህ ይይዛል፣ ፌስታል ይንሸራተታል» አሉኝ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልፈለግኩም።

ከ2000 በኋላ ጊታሩ አሳዛኝ ነው። ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ የሞተ ነገር። ልጁ በዚህ ሰዓት እንዳይመጣ ነው ጸሎቴ።

ከዚያ መወልወል። ብዙ ሰው መወልወል ሲባል የሚቀባ ነገር ይመስለዋል፤ ዘይት ወይ ሰም። እዚህ ምንም አይጨመርም። የምወለውልበት ኮምፓውንድ ራሱ በጣም የደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ቅባት ውስጥ የተበተነ። እሱም ይፍቃል። ጭረት ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ነው ደብዛዛ ሆኖ የሚታየን። ጭረቱ በጣም ሲደቅ ብርሃኑ ሳይበተን በመጣበት ማዕዘን ይመለሳል። የመስኮቱ ፍሬም ጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ መታየት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ትራፓኖ ላይ ስፖንጅ ገጥሜ ነው የምወለውለው። አደጋው ሙቀት ነው። ናይትሮ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ስፖንጁ አንድ ቦታ ከቆመ ላከሩ ይጎተታል። ስለዚህ አይቆምም። ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ እጄ ሁልጊዜ ተንቀሳቃሽ፣ በየትንሹ በመዳፌ ጀርባ ሙቀቱን እየነካሁ። ጠርዝ ላይ ስፖንጁ ከጠርዙ ወደ ውጭ እንዲዞር ነው እንጂ ወደ ጠርዙ እንዲመጣ አላደርግም። የድምፅ ቀዳዳው አካባቢና የአንገቱ ሥር በጨርቅና በጣት ነው። ክንድ ያዝላል፣ ግን በእጅ ወልውሎ የበሳ ሰው አላውቅም።

አሁን ስለ ብርሃኑ የማምንበትን ልናገር። ጊታር ስላብረቀረቀ ድምፁ አያምርም። በደብዛዛ ላከር የቀረ ጊታርም እንዲሁ ይጮሃል፤ ሥራውም በግማሽ ይቀንስልኝ ነበር። ሰው ግን ዋጋውን የሚከፍለው በዐይኑ ነው። እኔም ብሆን የዋንዛው መስመር ከላከሩ ሥር ጥልቅ ብሎ ሲወጣ ማየት እወዳለሁ፣ አልዋሽም። የማልስማማው ብርሃኑን በውፍረት መግዛት ላይ ነው። ወፍራም ላከር ለማሸት ቀላል ነው፤ አይበሳም፣ አያስጨንቅም፣ በፍጥነት ያልቃል። ብዙ ርካሽ ጊታር እንደ መስታወት የሚያበራው በዚህ ነው። ስስ ሆኖ ሜዳ የሆነ ላከር ግን ትዕግሥት ይበላል፣ እና የምጠይቀው ገንዘብ የእሱ ነው።

ልጁ ጊታሩን ሲረከብ የምነግረው ነገርም አለ፣ ቀድሞ ይወቀው። ሐይቅ ዳር ማታ የሚጫወት ሰው ክንዱን ለወባ ትንኝ መከላከያ ይቀባል። ብዙ መከላከያ ውስጥ ዲት የሚባል ኬሚካል አለ። ዲት ፕላስቲክም ላከርም ያሟሟል። ቀኝ ክንድ ደግሞ ሲጫወቱ የሚያርፈው ጊታሩ ላይ ነው። በአንድ ምሽት ላከሩ ይለሰልስና የክንዱ ምልክት ይቀርበታል። ረጅም እጅጌ ልበስ፣ ወይ ክንድህ የሚያርፍበት ቦታ ጨርቅ ጣል አድርግ። ጊታር ማቆሚያው ላይ ያለው ጎማም እንዲሁ ነው፤ ለወራት ከነካው ላከሩን ያቆሽሻል ወይም ያጣብቃል። ጎማውን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው። ለመኪና ዳሽቦርድና ለቤት ዕቃ የሚሸጠውን ማብረቅረቂያ ስፕሬይ በፍጹም አታስጠጋው። ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው። ሲሊኮን አንዴ ከገባ ለጥገና ላከር ስነፋ ላከሩ ቦታ ቦታ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ንጹሕ ጨርቅና እፍ የተባለበት ትንፋሽ ይበቃዋል።

የሚቀረው ብሪጁ ነው፤ ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት። ኮላ ላከርን ይዞ አይቆይም፤ እንጨትን ነው የሚይዘው። ስድስቱ የብረት ክሮች ተደምረው 70 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ፣ ያንን በሙሉ የሚችለው ብሪጁ ሥር ያለው ኮላ ነው። ስለዚህ ቦታውን ከመንፋቴ በፊት በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ተወልውሎ ሲያልቅ የፕላስተሩን ዙሪያ በስለት ቆርጬ አነሳዋለሁ፣ የፊቱ እንጨት፣ ስፕሩሱ፣ ባዶውን ይወጣል፣ ብሪጁ እዚያ ይጣበቃል። ያን ሁሉ ያበራ ላከር አጠገብ ስለት ይዞ መቀመጥ የራሱ የሆነ ላብ አለው። ከዚያ ኮላው ያድራል፣ ክር ይገባል፣ የክሩ ቁመት ይስተካከላል።

ለፋሲካ ይደርሳል። ሽታው እየሳሳ ነው።

ያልተስማማንበት የአንገቱ ጀርባ ብቻ ነው። እኔ የአንገቱን ጀርባ አልወለውልም። 1000 ላይ አቁሜ ደብዛዛ አድርጌ እተወዋለሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት እጅ ያልበዋል፤ የተወለወለ አንገት ያላበ መዳፍ ይይዛል፣ እጅ ወደ ላይና ወደ ታች እንደልቡ አይሄድም። ለልጁ ነገርኩት። «ጀርባው እያበራ አንገቱ ለምን ይደበዝዛል? ያላለቀ ይመስላል እኮ» አለኝ። ተጫዋቹ እሱ ነው፣ እጁም የራሱ ነው። መጀመሪያ ደብዛዛውን ይሞክረው አልኩ። ካልወደደው ግማሽ ቀን ነው፣ እወለውልለታለሁ። የተወለወለውን መልሶ ማደብዘዝም ይቻላል፤ እንዲያውም እሱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።